ከየካቲት 28 እስከ አንቀጽ 55

የካቲት 28 ቀን 1966 ዓ.ም. ሐሙስ ነበር። ከዚያ በፊት በነበሩት ሳምንታት አገሪቱ ብዙ አይታለች። ነገሌ ቦረና ላይ የጀመረው የወታደሮች እንቢታ ወደ ሌሎች የጦር ሰፈሮች ተዛምቷል። የአዲስ አበባ ታክሲ ነጂዎች በነዳጅ ዋጋ ጭማሪ ተቆጥተው መኪናቸውን አቁመዋል፣ መምህራንም ከክፍል ወጥተዋል። የአክሊሉ ሀብተ ወልድ ካቢኔ ወድቆ እንዳልካቸው መኮንን ጠቅላይ ሚኒስትር ከተባሉ ገና አንድ ሳምንት ነው። በዚያ ሐሙስ ግን ሌላ ነገር ሆነ። የፋብሪካ ሠራተኛው በአንድ ማኅበር ጥሪ፣ በአንድ ቀን፣ በብዙ ከተሞች ሥራ አቆመ። በኢትዮጵያ ታሪክ የመጀመሪያው ጠቅላላ የሥራ ማቆም አድማ ይህ ነው።

ጥሪውን ያስተላለፈው የኢትዮጵያ ሠራተኞች አንድነት ማኅበር፣ በአጭሩ ኢሠአማ፣ ነበር። ጥያቄዎቹ የቤተ መንግሥት ግልበጣ ጥያቄዎች አልነበሩም። ዝቅተኛ የደመወዝ ወለል በሕግ ይወሰን፤ የዕቃ ዋጋ ቁጥጥር ይደረግበት፤ የአሠሪና ሠራተኛ ሕጉ ይሻሻል፤ የመንግሥት ሠራተኛውም የመደራጀት መብት ይኑረው፤ ለሠራተኛው ጡረታ ይታሰብለት። አድማው አራት ቀን ቆየ። መጋቢት 2 ቀን መንግሥት አብዛኛውን ጥያቄ ተቀብያለሁ አለ፣ ሠራተኛውም ወደ ሥራው ተመለሰ።

ከእነዚህ ጥያቄዎች የመጀመሪያው፣ ማለትም በሕግ የተወሰነ ዝቅተኛ ደመወዝ፣ ከአምሳ ዓመት በላይ ቆይቶም ለግል ድርጅት ሠራተኛ መልስ አላገኘም። በዚህ መሐል ሦስት ሥርዓቶች ተፈራርቀዋል፣ ሕገ መንግሥቶች ተጽፈዋል፣ የሠራተኛ ሕጉ ብቻ ደጋግሞ ተለውጧል። ጥያቄው ግን እዚያው ነው። ለምን?

ብዙ ጊዜ የሚሰጠው መልስ «አገሪቱ ድሃ ስለሆነች» የሚል ነው። መልሱ ግማሽ እውነት አለው። አንዳንድ ጎረቤቶች ግን ወለሉን ከወሰኑ ቆይተዋል፤ ኬንያ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ናት። ሌላው ግማሽ የሚገኘው በሠራተኛ ማኅበራቱ ታሪክ ውስጥ ነው፤ ታሪኩ ደግሞ የሚጀምረው ከወንጂ የሸንኮራ ማሳ ነው።

*

ኤችቪኤ የሚባለው የሆላንድ ኩባንያ ወደ ኢትዮጵያ ሲመጣ በኢንዶኔዥያ የረጅም ዘመን የእርሻ ልምድ ነበረው። ኢንዶኔዥያ ነፃ ስትወጣ የቅኝ ግዛት ዘመን ተመቻችቶ የነበረው ኩባንያ ሌላ አገር መፈለግ ነበረበት፣ አገኘም። የወንጂ ስኳር ፋብሪካ በ1946 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ፣ ቀጥሎ ሸዋ፣ ከዚያም መተሐራ ተጨመሩ። በአገሪቱ ትልቁ የግል አሠሪም ሆነ። ሸንኮራ የሚቆርጠው በአብዛኛው ከከምባታ፣ ከሀዲያና ከወላይታ በእግርም በጭነት መኪናም የመጣ ወጣት ነበር። የአዋሽ ዳር ወባ ከአለቃው በፊት ነበር የሚቀበለው።

በዚያ ዘመን የሠራተኛ ማኅበር ማቋቋም የሚቻልበት ሕግ አልነበረም። የ1948ቱ የተሻሻለው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 47 ማንኛውም ኢትዮጵያዊ በፈለገው ሙያ የመሠማራትና ለዚሁም ማኅበር የማቋቋም መብት አለው ይላል። ይሁን እንጂ ይህን የሚያስፈጽም አዋጅ ለዓመታት አልወጣም። ስለዚህ ሠራተኛው የሚያውቀውን ነገር አደረገ። እድር አቋቋመ። በየፋብሪካው «የመረዳጃ ማኅበር» የሚል ስም የያዘ ስብስብ በዛ። ለቀብር ተብሎ የሚዋጣው ገንዘብ ለታመመ፣ ለተባረረ፣ አንዳንዴም ሥራ ላቆመ ሰው ይደርስ ነበር። ከፋብሪካዎቹ በፊት ደግሞ የድሬዳዋ የባቡር ሠራተኞች ነበሩ። በ1930ዎቹ መጨረሻ አድማ አድርገው በኃይል ተበትነዋል። የኢትዮጵያ ሠራተኛ መደራጀትን የተማረው ከውጭ አማካሪ ነው የሚሉ ሰዎች እድሩን ይረሱታል።

ሕጉ የመጣው ከታኅሣሥ 1953ቱ መፈንቅለ መንግሥት ሙከራ በኋላ ነው። ንጉሠ ነገሥቱ ዙፋናቸውን መልሰው ቢይዙም የሙከራው ድንጋጤ አልለቀቀም። በሌላ በኩል ኢትዮጵያ ከ1916 ዓ.ም. ጀምሮ የዓለም የሥራ ድርጅት አባል ነበረች። አዲስ አበባ የአፍሪካ መሪዎችን ለመቀበል በምትዘጋጅበት ወቅት አገሪቱ የሠራተኛ ሕግ የሌላት መሆኑ ያሳፍር ነበር። የ1954ቱ የአሠሪና ሠራተኛ ድንጋጌ፣ ቀጥሎም በ1956 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 210 ወጡ። የመደራጀትና የጋራ ድርድር መብትን የሚመለከቱት ሁለቱ ዓለም አቀፍ ስምምነቶች፣ ቁጥር 87 እና 98፣ የጸደቁት በ1955 ዓ.ም. ግንቦት ነው፤ የአፍሪካ አንድነት ድርጅት በተመሠረተበት በዚያው ወር።

ኢሠአማም በዚያው በ1955 ዓ.ም. ተመሠረተ። የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት አበራ ገሙ ከወንጂ የመጣ ሰው ነበር፣ ይህም ያለ ምክንያት አልነበረም። ብዙ ሳይቆይ ግን ከመሪነቱ ወጣ፣ ቦታውም በኋላ ወደ በየነ ሰሎሞን ዞረ። የአዋጅ 210 መንፈስ የሚታየው እዚህ ላይ ነው። ማኅበር ይፈቅዳል፣ ነገር ግን 50 ሠራተኛ በሌለበት ድርጅት አይፈቅድም። የመንግሥት ሠራተኛውን አያካትትም። አድማን በስም ይፈቅዳል፣ ግን ረጅም የማስታረቅ ሂደት ከፊቱ ያቆምለታል። ሂደቱ እስኪያልቅ ድረስ የሠራተኛው ቁጣ ይበርዳል፣ ወይም አስተባባሪው ከሥራ ይባረራል።

ስለ በየነ ሰሎሞን ዘመን ክርክር አለ። ተማሪዎቹ አመራሩን ለዘብተኛ፣ ከአሜሪካ የሠራተኛ ድርጅቶች ጋር የተጠጋ አድርገው ይከሱት ነበር። ክሱ ከመሬት የተነሣ አልነበረም፤ ድጋፉም ሥልጠናውም ከዚያ ይመጣ ነበር። ነገር ግን በሕጉ ውስጥ ቀስ እያለ ቅርንጫፍ የዘረጋ፣ በየፋብሪካው የኅብረት ስምምነት የተደራደረ ማኅበር ባይኖር ኖሮ የካቲት 28 ቀን ማን ነበር ጥሪውን የሚያስተላልፈው? ተማሪው ሰልፍ ይወጣል። ባቡር ማቆም ግን አይችልም።

*

ከአድማው በኋላ የሆነው ነገር የአድማውን ያህል አስገራሚ ነው። ሥራ ማቆም እንደሚሠራ በዓይኑ ያየ ሁሉ ሥራ ማቆም ጀመረ። የመሥሪያ ቤት ሠራተኞች፣ የሕዝብ አገልግሎት ድርጅቶች፣ ሳይቀር የአዲስ አበባ ካህናት የደመወዝ ጥያቄ ይዘው ተነሡ። በወቅቱ አንድ ሠራተኛ በግሉ ሊጠይቅ የማይደፍረውን ነገር ሺዎች አብረው ሲጠይቁ አለቃው ድምፁን ዝቅ ያደርግ ነበር። የእንዳልካቸው ካቢኔ ቃል የገባውን ለመፈጸም ግን ጊዜ አላገኘም፣ ምናልባትም ፍላጎት አልነበረውም። በሐምሌ ወደቀ። መስከረም 2 ቀን 1967 ንጉሠ ነገሥቱም ወረዱ።

ደርግ ሥልጣን ከያዘ ገና አንድ ሳምንት ሳይሞላው ኢሠአማ በመስከረም 1967 ስብሰባው የሕዝብ ጊዜያዊ መንግሥት ይቋቋም የሚል አቋም ያዘ። ወታደሩ የወዛደሩ ወዳጅ ነኝ ብሎ ነበርና ይህን ሲሰማ ምን ያደርጋል? አሠራቸው። በየነ ሰሎሞን፣ ዋና ጸሐፊው ፍሥሐ ጽዮን ተኪኤና ግደይ ገብሬ ወኅኒ ወረዱ። መሪዎቹ ሲታሠሩ እንደ የካቲቱ ያለ ጠቅላላ አድማ ይነሣል ተብሎ ተጠብቆ ነበር። አልተነሣም።

ጥር 26 ቀን 1967 መንግሥት 72 ኩባንያዎችን ወረሰ፣ ኤችቪኤም ከእነሱ አንዱ ነበር። ወንጂ የሕዝብ ሆነ ተባለ። ይህ ለብዙ ሠራተኛ እውነተኛ ደስታ ነበር፣ ሊካድ አይገባም። ችግሩ አሠሪው መንግሥት ሲሆን አድማ በማን ላይ ይደረጋል የሚለው ነው። መልሱ መስከረም 14 ቀን 1968 ተገኘ። በአዲስ አበባ አውሮፕላን ማረፊያ የኢሠአማን በራሪ ወረቀት ይበትኑ በነበሩ ሠራተኞች ላይ ወታደር ተኩሶ ሰባት ሰዎች ሞቱ። ከአምስት ቀን በኋላ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። በኅዳር አዋጅ ቁጥር 64/1968 ወጣና ኢሠአማ ፈረሰ። በቦታው የመጣው የመላው ኢትዮጵያ ሠራተኞች ማኅበር፣ መኢሠማ፣ ዋና ሥራው ምርት ማሳደግና ሠራተኛውን በሶሻሊዝም ማስተማር ሆነ። ኢሕአፓና ደርግ በከተማ ሲገዳደሉ የመኢሠማ ሊቀ መንበር ቴዎድሮስ በቀለም በ1969 ዓ.ም. በጥይት ተገደለ። ከሁለት ወገን ጥይት የተቀበለው የሠራተኛው ማኅበር ከዚያ በኋላ ለዓመታት ደመወዝ የሚል ቃል አላነሣም ማለት ይቻላል። በመንግሥት ዘርፍ የነበረው ዝቅተኛ ደመወዝ በወር 50 ብር ነበር፣ የደመወዝ ጭማሪውም ለረጅም ጊዜ እንደቆመ ቀረ።

ኢሕአዴግ ሲገባ አዋጅ 42/1985 ወጣ፣ በ1986 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ሠራተኞች ማኅበራት ኮንፌዴሬሽን፣ ኢሠማኮ፣ ተቋቋመ። የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት ዳዊ ኢብራሂም በዓለም ባንክና በአይኤምኤፍ ምክር የተጀመረውን የመዋቅር ማሻሻያና የሠራተኛ ቅነሳውን ተቃወመ። በ1987 ዓ.ም. የኮንፌዴሬሽኑ ምዝገባ ተሠረዘ። ዳዊ አገር ጥሎ ወጣ፣ በ1989 ዓ.ም. ኢሠማኮ በአዲስ አመራር ተመለሰ። ከዚያ በኋላ የነበረው ኢሠማኮ ለብዙ ዓመታት ድምፁ የማይሰማ ድርጅት ሆነ።

የመምህራኑ ደግሞ ከዚህም ይከፋል። የኢትዮጵያ መምህራን ማኅበር ፕሬዚዳንት ዶ/ር ታዬ ወልደ ሰማያት በ1988 ዓ.ም. ታሥረው ስድስት ዓመት በእስር ቆዩ። የማኅበሩ ምክትል ዋና ጸሐፊ አሰፋ ማሩ ሚያዝያ 30 ቀን 1989 በፖሊስ ጥይት አዲስ አበባ ውስጥ ተገደሉ። መምህራን የመንግሥት ሠራተኞች ናቸው፤ በ1966ቱ የአድማ ጥያቄዎች ውስጥ «የመንግሥት ሠራተኛው ይደራጅ» የሚለው ለምን እንደገባ ከዚህ በላይ ማስረጃ አያስፈልገውም።

እንግዲህ ንድፉ ይህ ነው። ንጉሡም፣ ደርጉም፣ ኢሕአዴግም የሠራተኛ ማኅበርን አልከለከሉም። ሁሉም ማኅበር እንዲኖር ፈልገዋል፣ ሁሉም ጽሕፈት ቤት እንዲኖረው ፈቅደዋል። የወሰዱት ሥራ የማቆም አቅሙን ብቻ ነው። ሥራ ማቆም የማይችል ማኅበር ስለ ደመወዝ ደብዳቤ ይጽፋል።

*

ሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ በሐምሌ 2008 ተመረቀ። በዚያን ጊዜ መንግሥት ለውጭ ባለሀብት የሚያቀርበው ማስታወቂያ ግልጽ ነበር፤ ርካሽ መሬት፣ ርካሽ መብራት፣ ርካሽ ጉልበት። በ2011 የኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ ስተርን የንግድ ትምህርት ቤት ማእከል ያወጣው ጥናት የፓርኩን ሠራተኞች መነሻ ደመወዝ በወር 26 ዶላር አስቀመጠው፤ 750 ብር ገደማ መሆኑ ነው። በዓለም የልብስ ስፌት ኢንዱስትሪ ዝቅተኛው ሲሆን በዚያው ጥናት ባንግላዴሽ 95፣ ኬንያ 207 ዶላር ነበሩ። በወቅቱ ፓርኩ ውስጥ 25,000 ገደማ ሠራተኞች ነበሩ፣ አብዛኞቹ ከገጠር የመጡ ወጣት ሴቶች።

በእነዚህ ሴቶች ላይ የተጻፈው ብዙው ነገር «የፋብሪካ ሥነ ሥርዓት አልለመዱም» የሚል ነው። ጥናቱ ግን ሌላም ነገር ያሳያል። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ሥራ የሚለቁት ቁጥር ከመብዛቱ የተነሣ ፋብሪካዎቹ በአንድ ዓመት ውስጥ ሠራተኛቸውን በሙሉ እንደተኩ ያህል ነበር። አራት ሆነው በተከራዩት ክፍል ውስጥ ሒሳብ የሠራ ሰው ይህ አይገርመውም። የቤት ኪራይ፣ እንጀራ፣ ሳሙና ሲደመር 750 ብር አይበቃም፣ ለቤተሰብ የሚላክማ የለም። ድንገተኛ የሥራ ማቆም በየፓርኩ አልፎ አልፎ ታይቷል። ነገር ግን ማኅበር ባልገባበት ግቢ በጣም የተለመደው አድማ ባጁን መልሶ ወደ አገር ቤት መሄድ ነበር። ይህ አድማ አንድ ችግር አለበት፤ የሚሄደው ሰው ምንም አያገኝም፣ በምትኩ የሚገባውም በዚያው 750 ብር ይጀምራል።

በ2011 ምክር ቤቱ አዋጅ ቁጥር 1156ን ሲያጸድቅ ኢሠማኮ በዘመኑ ትልቁን ድል አገኘ ማለት ይቻላል። ኮንፌዴሬሽኑ በካሳሁን ፎሎ አመራር ረቂቁን ለወራት ተከራክሮበታል። የወሊድ ፈቃድ ወደ 120 ቀን አደገ፣ አባትም ሦስት ቀን አገኘ። ከሁሉም በላይ በአንቀጽ 55 የደመወዝ ቦርድ ገባ። ከመንግሥት፣ ከሠራተኛ ማኅበራትና ከሌሎች ባለድርሻዎች የተውጣጣ ቦርድ ይቋቋማል፣ የአገሪቱን የኢኮኖሚ ዕድገትና የሥራ ገበያውን አጥንቶ ዝቅተኛ የደመወዝ ወለልን በየጊዜው ይከልሳል ይላል። በ1966 በአድማ የተጠየቀው በ2011 ሕግ ሆነ።

ከዚያስ? ቦርዱ እንዲቋቋም የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ማውጣት ነበረበት። በአንቀጹ ውስጥ ይህ መቼ እንደሚሆን የተጻፈ ቀን የለም። 2012 አለፈ፣ ኮሮና መጣ። 2013 ጦርነት ነበር። በ2014 አሜሪካ ከአጎዋ ዕድል አስወጣችን፣ ታላላቅ ገዢዎች ከፓርኮቹ ወጡ። በየጊዜው «ጊዜው አይደለም» ለማለት ምክንያት አልጠፋም፣ ምክንያቶቹም ሐሰት አልነበሩም። 2017 ሲያልቅ ለግል ድርጅት ሠራተኛ የወጣ አንድም የወለል ቁጥር አልነበረም። ካሳሁን ፎሎ በየመድረኩ ደጋግመው ያነሡት ነበር። በ2015 ዓ.ም. ሜይ ዴይ ኢሠማኮ ጥያቄውን ይዞ አደባባይ ሊወጣ ሲያስብ ሰልፉ ሳይፈቀድ ቀረ።

በወረቀት ላይ አድማ ዛሬም መብት ነው። የማኅበሩ አባላት ሁለት ሦስተኛ ተሰብስበው በአብላጫ ድምፅ መወሰን አለባቸው፣ አስቀድሞ ማሳወቅ አለባቸው፣ ክርክሩ ለቦርድ ወይም ለፍርድ ቤት ከቀረበ ደግሞ ቀን መጠበቅ አለባቸው። ይህን ሁሉ አልፎ በሕግ ሥራ ያቆመ ማኅበር የሚያስታውስ አንባቢ ብዙ አይሆንም።

የመንግሥት ሠራተኛው ደግሞ ይህም የለውም። ግንቦት 2017 ላይ የጤና ባለሙያዎች የደመወዝና የጥቅማ ጥቅም ጥያቄያቸውን በማኅበራዊ ሚዲያ አስተባብረው በከፊል ሥራ ሲያቆሙ መንግሥት ሕገ ወጥ ነው አለ፣ በርካቶችም ታሠሩ። ሐኪም ሥራ ሲያቆም በሽተኛ ይጎዳል፣ ይህ ከባድ ጥያቄ ነው፣ በየትም አገር ቀላል መልስ የለውም። ሌላ ቦታ ግን ድንገተኛ ክፍሉ ክፍት ሆኖ ሌላው እንዲቆም የሚደራደር ማኅበር አለ። እዚህ በሕግ የሚደራደር አካል ስላልነበረ ድርድሩ በፌስቡክና በፖሊስ ጣቢያ መካከል ሆነ።

*

አንድ ነገር ግን ተገኝቷል። በ2008ቱ የገቢ ግብር አዋጅ ከግብር ነፃ የነበረው የወር ደመወዝ 600 ብር ብቻ ነበር። የዋጋ ንረቱ እየገሰገሰ ሠንጠረዡ ስለቆመ፣ ከእጅ ወደ አፍ የሆነ ደመወዝ ሁሉ ግብር ይቆረጥበት ነበር። ኢሠማኮ ለዓመታት ይህ ይሻሻል እያለ ጠየቀ። ሐምሌ 2017 ላይ አዋጅ ቁጥር 1395 ሲጸድቅ ነፃው ወደ 2,000 ብር ከፍ አለ፣ ኮንፌዴሬሽኑ ከጠየቀው በጣም ያነሰ ቢሆንም። ከ2,001 ብር ጀምሮ 15 በመቶ ይቆረጣል። መንግሥት ከስንት ብር ጀምሮ ከደመወዝ እንደሚወስድ በቁጥር ወስኗል። ደመወዝ ከስንት መጀመር እንዳለበት ግን ገና አልወሰነም።

ለራሱ ሠራተኛ ወስኗል። በ2017 የመንግሥት ሠራተኛ ዝቅተኛ ደመወዝ 4,760 ብር ሆነ፣ ከመስከረም 2018 ጀምሮ ደግሞ 6,000 ብር። ይህ ማለት አሁን በአንድ መሥሪያ ቤት ሁለት የጽዳት ሠራተኞች ሊገናኙ ይችላሉ። አንዷ በቋሚነት የተቀጠረች ናት፣ ከ6,000 ብር በታች አትከፈልም። ሁለተኛዋ ያንኑ ኮሪደር የምታጸዳው በኤጀንሲ በኩል ነው። መሥሪያ ቤቱ ለኤጀንሲው ይከፍላል፣ ኤጀንሲው የራሱን ያስቀርና ቀሪውን ይሰጣታል። ስንት ሊያስቀር እንደሚችል፣ ለእሷስ ቢያንስ ስንት መስጠት እንዳለበት የሚወስን ቁጥር ስለሌለ ደመወዟን የሚወስነው ጨረታው ነው። ጨረታውን ደግሞ የሚያሸንፈው ዝቅተኛ ዋጋ ያቀረበው ነው።